የሐዋ እጅ ፍጥነት

በዚያ ዘመን ዳቦ መቁረጥ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ከዳቦው መራቅ ነበረበት። መቁረጫው በብርሃን መጋረጃ ታጥሮ ከወጥ ቤቱ አንድ ጥግ ይቀመጣል፤ ዳቦው ከውስጥ፣ ሰው ከውጭ። መጋረጃው በዓይን አይታይም። እጅ የገባበት እንደሆነ ግን ማሽኑ ቀጥ ይላል፤ ከግድግዳው ውስጥም አንዲት ትሕትናዋ የሚያስፈራ ሴት «እባክዎ ራቅ ይበሉ» ትላለች። ሕፃናት አፍ ሲፈቱ ከ«እማ» ቀጥሎ የሚያወጧት ቃል «ራቅ» ነበረች።

የቀረውም ኑሮ እንዲሁ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን የሚያጫውተው በሩ ላይ ቆሞ ነው፤ መቀሱን የሚይዘው የብረት ክንድ ነው። ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅ እናቱ ልትስመው ስትጠጋ ባለበት ቀጥ ይልና እስክትርቅለት ድረስ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። በሠርግ ላይ ምግብ የሚያቀርበው ክንድ ሰው ለሰው እጁን ሲዘረጋ ስለሚቆም፣ መጥሪያው ላይ «የጉርሻ ሰዓት ከሰባት እስከ ሰባት ተኩል» ተብሎ ይጻፋል። በዚህ የሚገረም አልነበረም። ጣቱ የተቆረጠ ሰው ማየት ብርቅ ሆኗል፤ ሕዝቡም በሙሉ ጣቱ፣ የሚነካው ነገር ሁሉ እየራቀው ይኖር ነበር።

በቦርከና ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ ይህን ሁሉ ርቀት የሚቀምረው ይመር አሊጋዝ ነበር። በሩ ላይ የተለጠፈው «ከፍተኛ የርቀት ባለሙያ» ይላል፤ ሰፈሩ ግን «ራቅበል» ነው የሚለው። ስሌቱ ያን ያህል የሚያስኮራ አልነበረም። እጅ በአንድ ሰከንድ ምን ያህል ይሄዳል? ማሽኑ «ቁም» ሲባል ለመቆም ምን ያህል ይፈጅበታል? ሁለቱን ማባዛት፣ ለጣት ጥቂት መጨመር፤ አለቀ። አራተኛ ክፍል ያለፈ ሁሉ ይሠራዋል። ይመር ግን አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ስለተማረው ሲያባዛ ግንባሩን ይቋጥራል። ራሱንም ታዝቦታል፤ ባይቋጥር ኖሮ ደመወዙን በምን ዓይኑ ይቀበል ነበር? አርባ ዓመት አልፎት ለምን እንዳላገባ ሲጠየቅ «ርቀቱ ገና አልተሟላም» ይላል። በዚህ ቀልድ የሚስቀው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ትቶታል።

ከቢሮው ግድግዳ ማዶ የታላቅ እህቱ የሐዋ ማኅበር ነበር። ሰባት ሴቶች ፕሬስ በሚሉት አንድ አሮጌ የመቁረጫ ማሽን የጫማ ሶል ይቆርጣሉ። ቆዳውን ከጠረጴዛው ላይ ያነጥፋሉ፣ ወደ ኋላ ይላሉ፣ ቁልፉን ይጫናሉ፤ ፕሬሱ ዱብ ሲል የይመር የሻይ ብርጭቆ ከጠረጴዛው ላይ ትንቀሳቀሳለች። ሐዋ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እህቱ ናት፤ ስለዚህ ኢንጂነርነቱ እሷ ዘንድ አይሠራም። በሥራ ሰዓት መጥታ ኮሌታውን ታስተካክልለታለች፣ ባለጉዳይ እያየ።

ጭንቁ የመጣው አሮጌ ማሽኖች ሁሉ እንደገና ይቀመሩ የሚል መመሪያ በወጣ ጊዜ ነው። በአገሪቱ ሕግ የሰው እጅ በሰከንድ ሁለት ሜትር እንደሚሄድ ይታሰባል። ይመር አባዛ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ እንደገና አባዛ። መጋረጃው ከፕሬሱ ሰባ ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ክፍሉ ግን ጠባብ ነው፤ ከአርባ ሴንቲ ሜትር በላይ ቢርቅ ሴቶቹ የሚቆሙት ግድግዳው ውስጥ ነው። የማይመጥን ማሽን ደግሞ ተነቅሎ ከከተማ ውጭ ወዳለው፣ ሰው ወደማይገባበት ትልቅ ፋብሪካ ይወሰዳል። ሰባቱ ሴቶች ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ቤት ደግሞ የሚነካ ነገር የለም።

«እና እህትህን ልትዘጋት ነው?» አለችው ሐዋ።

«እኔ አይደለሁም እታለም። ቁጥሩ ነው።»

«ቁጥሩን ማን ነው የሚጽፈው?»

«እኔ።»

«ታዲያ?»

ይመር መመሪያውን እንደገና አነበበው፤ ሳያነብ በፊርማው ተቀብሎት ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበው ማለት ይቀላል። መጨረሻው ላይ አንድ አንቀጽ አገኘ። ማንኛውም ከተማ፣ የአገር ሽማግሌ ምስክር ባለበት፣ የነዋሪዎቹን እጅ ፍጥነት ራሱ ለክቶ በዚያው ሊቀምር ይችላል። ይመር ከወንበሩ ብድግ አለ። የሌላ ከተማ ሰው እጅ ለምን በእኛ ሶል ይፈርዳል? በዚያ ሳምንት ያገኘውን ሰው ሁሉ አስቁሞ ስለ አገሬው እጅ ንግግር ያደርግ ነበር፤ ሰዎች መንገድ መቀየር ጀመሩ።

ልኬቱ በማኅበሩ ክፍል ውስጥ ተደረገ። ምስክር እንዲሆኑ የተጠሩት ሼህ ኑሬ ነበሩ፤ ከተማው ሙሉ የሚያከብራቸው፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ጨዋታቸው ያላለቀ ሽማግሌ። ወንበር ተሰጣቸውና ሙስባሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ እየቆጠሩ ተቀመጡ። ከፊት ለፊታቸው አንድ ሰሌዳ ቆመ፤ በሰሌዳው ላይ አንድ ቀይ ክብ ነበር።

«በተቻላችሁ ፍጥነት ክቡን መንካት ነው» አለ ይመር። «ማን ይጀምር?»

ማንም አልጀመረም። ከሰባቱ አንዷ፣ ስንዱ፣ «ሐዋ ትቅደም» አለች። ሐዋ «ኧረ አንቺ እያለሽ!» አለች። ሌላዋ «ሼሁ ሳይነኩ እንዴት እኛ?» አለች። ሼህ ኑሬ በጣታቸው ጫፍ ክቡን ነክተው «ቢስሚላህ» አሉና መንገዱ ተከፈተ። ከዚያ ሰባቱም በየተራ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ዓይናቸውን ወደ ሼሁ ሰረቅ እያደረጉ፣ ለክቡ ሰላምታ የሚሰጡ ይመስል እጃቸውን ዘረጉ።

«ፈጠን ማለት ነው እኮ!» ይላል ይመር።

«እንደ ራበው ሰው ልንነጥቀው እንዴ? በሼሁ ፊት?» አለች ሐዋ።

ይመር ራሱም ነካ። ሼሁ እያዩት ነበርና ግራ እጁን በቀኝ ክንዱ ሥር አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ነካ። አማካዩ በሰከንድ ከአንድ ሜትር በታች ሆነ። ይመር ማየት የፈለገውን ቁጥር ስላየ ሌላ ነገር አላየም። አባዛ፤ ሠላሳ አምስት ሴንቲ ሜትር። ግንባሩን እንኳ ሳይቋጥር ፈረመ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሐዋም ኮሌታውን አስተካከለችለት። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ጠቢብ ነኝ ብሎ አያውቅም፤ ይህን ብሎ ያሰበ ሰው ደግሞ ብዙ አይቆይም።

አዲሱ መጋረጃ የተመረቀው በሳምንቱ ነው። ይመር ንግግር አዘጋጅቶ መጣ። «ርቀት ፍቅር ነው» ብሎ የሚጀምር ነበርና ደግነቱ ማንም አልሰማውም፤ ሁሉም ዓይኑን ሼህ ኑሬ ላይ ጥሏል። ሼሁ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ በረካ እንዲኖረው የመጀመሪያውን ቆዳ በገዛ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ አነጠፉ፣ አስተካከሉ፣ ወደ ኋላ አሉ። ሐዋ ቁልፉን ተጫነች። ፕሬሱ መውረድ ጀመረ።

«ውይ፣ ሙስባሃዬ!» አሉ ሼሁ።

ሙስባሃው ቆዳው ላይ ቀርቷል። ሼህ ኑሬ ቀስ ብለው እጃቸውን ወደዚያ ሰደዱ።

አንድ ሽማግሌ ዕቃ ለማንሣት ጎንበስ ሲል ቆሞ የሚያይ ሰው በዚያች ከተማ አልተወለደም። ይመርም አላሰበም። ለማሰብ የሚሆን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ሥራው ምን እንደሆነ ያስታውስ ነበር። «ኧረ አንቱ አይድከሙ!» የሚለው ቃል ከአፉ ሳይወጣ እጁ ከሼሁ እጅ ቀድሞ፣ ራሱ የቀመረውን መጋረጃ ሰንጥቆ ገባ። ማሽኑ አየው። ሴትየዋም «እባክዎ» አለች። «ራቅ ይበሉ» እስክትል ግን እጁ ደርሶ ነበር። በዚያው ቅጽበት ከኋላው አንድ ነገር ኮሌታውን ጨምድዶ ወደ ኋላ ወረወረው።

ወለሉ ላይ ተዘርሮ ቀና ሲል ሙስባሃው በእጁ ነበር፤ ከመሐል ጣቱ ግን ጫፉ የለም። ተነሣና ሙስባሃውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ለሼሁ ሰጣቸው።

«በግራዬ ስለሆነ ይቅርታ» አላቸው። ከዚያ ራሱን ሳተ።

ክሊኒኩ ውስጥ ቁስሉን የሰፋው የብረት ክንድ ስለሆነ ሐዋ ከመጋረጃው ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ ቆማ ታየው ነበር። ማልቀሷን እንዳያይባት ትሳደባለች።

«ጣትህን ለሙስባሃ ሰጠህ? አንተ ልጅ፣ ጤነኛ ነህ?»

«የሼሁ እጅ እንዳይጎዳ ብዬ ነው።»

«የሼሁ እጅ እዚያ እስኪደርስ እኮ ማሽኑ ቆሞ፣ እኛም ሻይ ጠጥተን ነበር!»

ይመር ሳቀ፤ ጣቱ አመመውና አቆመ። እውነቷን ነበር። መጋረጃው ለሼሁ እጅ በሚገባ ይሠራል። የማይሠራው ለራሱ ለቀማሪው እጅ ነው። ይህን ሐቅ በስብሰባ ላይ እንዴት አድርጎ እንደሚያቀርበው ከአሁኑ ያስብ ነበር።

አለቃው ከዋናው መሥሪያ ቤት ደወሉለት። ደግ ሰው ነበሩ፤ ድምፃቸውም ከመጋረጃዋ ሴትዮ ድምፅ ጋር ይቀራረባል።

«ነገሩን ቀለል እናድርገው አቶ ይመር። ‹ባለሙያው በግል ቸልተኝነቱ እጁን አስገባ› ብለህ ላክልኝ። ቁጥሩ ባለበት ይቆያል፣ ማኅበሩም ሥራውን ይቀጥላል። ከተማውን ሁሉ እንደገና ከመቀመር አንድ ሰው ሞኝ ቢባል አይሻልም?»

ይመር በዚህ ተስማማ። ሞኝ መባል ለሱ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ በዚህ ሙያ ልምድም ችሎታም አለው። አንድ ጣት ሄደች፣ ሰባት ሴቶች እንጀራቸውን አገኙ፤ እሱ ካባዛቸው ነገሮች ሁሉ ይህ የተሻለው ስሌት መሰለው። ወደ ቢሮው ተመልሶ በደኅናው እጁ «ባለሙያው በግል ቸልተኝነቱ» ብሎ ጀመረ። ለወጉ ያህል ማሽኑ የመዘገበውን መስማት ስላለበት ሴትየዋን ጠየቃት።

«በዕለቱ ሦስት እጆች ገብተዋል» አለች ሴትየዋ በዚያው ትሕትናዋ። «የመጀመሪያው፣ በሰከንድ ዜሮ ነጥብ አራት ሜትር።»

ሼሁ ናቸው፣ ቆዳውን ሲያነጥፉ።

«ሁለተኛው፣ ሁለት ነጥብ ሰባት።»

እሱ ነው። በልቡ ትንሽ ኮራ፤ ወዲያውም አፈረ።

«ሦስተኛው፣ ሦስት ነጥብ ሦስት።»

ይመር ብዕሩን አስቀመጠ። ሦስተኛ እጅ መኖሩን ረስቶት ነበር። ኮሌታውን የያዘው እጅ ከመጋረጃው ውስጥ ገብቶ ነው የያዘው። በልኬቱ ቀን ክቡን እንደ እንግዳ ጉንጭ የዳበሰው የሐዋ እጅ፣ እሱ ሲገባ ባየ ጊዜ ከእሱ እጅ በልጦ መጣ። ፕሬሱ ለመቆም ትንሽ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ያ እጅ ጣቱን ሳይሆን ሙሉውን ይሰጥ ነበር። ነገ ደግሞ ስንዱ ትጎነበሳለች፤ ወይም ከሌሎቹ አንዷ ነጠላዋ ይያዝባታል። ሐዋ አጠገቧ ትኖራለች። ያ እጅ መቼም አርፎ አይቀመጥም።

ፈራ። ጣቱ ሲቆረጥ ያልፈራውን ያህል ፈራ። ራሱን ሞኝ ማለት ቀላል ነበር፤ ሐዋን ግን ሞኝ ብሎ መጻፍ አልቻለም። በሽማግሌ ፊት፣ ለቀይ ክብ የተዘረጋን እጅ ለክቶ ሕዝቡን እንዲህ ነው ብሎ መፈረሙ ታወሰው። ሰው ክብ ሊነካ እኮ አይጣደፍም።

የጀመረውን ቀድዶ «ሦስት ነጥብ ሦስት» ብሎ ጻፈና ላከ። ከዚያ ቁጭ ብሎ አባዛ። አንድ ሜትር ከምናምን። ሐዋን ራሱ እንደዘጋት ገባው።

በማግሥቱ መጣች። በሩ ላይ ቆማ የታሰረ ጣቱን ካየች በኋላ ቢሮውን ዙሪያውን ቃኘች።

«ምን ያህል ይጎድለናል?»

«ከሰባ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። እታለም፣ እኔ…»

«ከግድግዳው ወዲህ ያለው የማን ነው?»

«የመንግሥት።»

«የመንግሥት ሲባል የማን?»

ይመር ጠረጴዛውን አየ። «የኔ» አለ።

ግድግዳው ሳምንት ሳይሞላ ፈረሰ። ፕሬሱ መቆሚያ አገኘ፤ መጋረጃው የሚያልፍበትን የሚያሳየው ቢጫ መስመር በይመር ወንበር የፊት እግሮች መሐል አለፈ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ የሚጽፈው ጉልበቱን ወደ ጎን ሰብስቦ ነው፤ እርሳሱ ከወደቀበት ማሽኑ ይቆምና ሰባት ሴቶች ባንድ ድምፅ «ራቅ በል!» ይሉታል። ከተማው ደግሞ በሐዋ ፍጥነት እንደገና ተቀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆመ። የጉርሻ ሰዓት ወደ ሩብ ሰዓት አጠረ። መጭመቂያው አልመጥን ብሎ የተነቀለበት የጭማቂ ቤት ባለቤት ይመርን ባየው ቁጥር ፊቱን ያዞራል፤ ይመርም አይፈርድበትም፣ እሱም ቢሆን ራሱን በመስታወት ሲያይ ፊቱን ማዞር ይዳዳዋል።

የቀረው ቁጥሩ እንዲጸድቅ ልኬቱን መድገም ነበር። በዚህ ጊዜ ይመር ቀዩን ክብ አላቆመም። ሼህ ኑሬን በክብር አስጠርቶ ከጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጣቸው፤ ፕሬሱ ሲወርድ ከዘራቸውን ወደ ማሽኑ በኩል ጣል እንዲያደርጉ ለመናቸው። ለሴቶቹም ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳ። ከዘራው ሆን ተብሎ ነው የሚወድቀው፤ ሼሁ ምንም አይሆኑም፤ ልኬት ነው። ሁሉም ገብቶናል አሉ። ይመር ራሱ አንድ ጊዜ ተምሯልና ከወንበሩ ላለመነሣት ምሏል። እንዲያውም የታሰረ እጁን ጭኑ ሥር ከተተው።

«ደግሞ ከዘራዬን እንዳትቆርጡብኝ» አሉ ሼህ ኑሬ፤ ጨዋታው ጥሟቸዋል።

ሐዋ ቁልፉን ተጫነች። ፕሬሱ መውረድ ጀመረ። ሼሁ ከዘራቸውን ለቀቁና ለማንሣት የሚመስል ነገር አደረጉ።

ይመር ከወንበሩ ዘልሎ አየር ላይ ሆኖ ነው መሳሳቱን ያወቀው። ክፍሉ ሁሉ «ኧረ አንቱ!» አለ። ሰባት እጅና አንድ ፋሻ ባንድ ላይ መጋረጃውን ሰነጠቁ። ማሽኑ ቀጥ አለ። ከብረቱ እስከ ፋሻው ጫፍ ስንዝር የሚያህል ባዶ ቦታ ቀረ፤ ይመር ያቺን ስንዝር አፍጥጦ አያት። እሱ ነው የቀመራት። በዕድሜው ሙሉ ካባዛው ነገር ሁሉ ዓይኑ እያየ የሠራለት ያቺ ብቻ ናት።

«እባክዎ ራቅ ይበሉ» አለች ሴትየዋ። ይመር ሊርቅ ፈለገ፤ አልቻለም። ኮሌታው ከኋላ ተይዟል።

«ከፍተኛው የእጅ ፍጥነት» ብላ ቀጠለች ሴትየዋ፣ «በሰከንድ ሦስት ነጥብ ስድስት ሜትር።»

ይመር ሳያስበው በልቡ አባዛው። ሐዋም ኮሌታውን ሳትለቅ ከቢሮው የተረፈውን ቦታ በዓይኗ ለካችው።

«ጠረጴዛህን አንሣ» አለችው።